የቀድሞ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን ለአረጋውያን ማዕከልነት ማዋል፦ የካርኔጊ ሕንፃዎች ደረጃ፣ ወለልና የድጎማ ደንብ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጥናት በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ በአንድሩ ካርኔጊ የገንዘብ ስጦታ የተሠሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃዎች ለአረጋውያን የአገልግሎት ማዕከልነት በሚታሰቡበት ጊዜ የሚነሡትን ጥያቄዎች ይመረምራል። በቅድሚያ የሕንፃዎቹን የመነሻ ቅርጽ፣ ቀጥሎ የዛሬዎቹ የተደራሽነትና የግንባታ ደንቦች በዚያ ቅርጽ ላይ የሚያስከትሉትን ለውጥ፣ በመጨረሻም የማዕከሉ የገንዘብ ምንጭ ተጠቃሚዎቹን የሚወስንበትን መንገድ ያያል። የጥናቱ ዋና መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የሥነ ሕንፃው ችግሮች ከባድ ቢሆኑም የሚፈቱ ናቸው፤ ሳይስተዋል የሚያልፈው ግን ቤቱ «ለሁሉም ክፍት» ከመሆን «ለአንድ ዕድሜ ብቻ ክፍት» ወደ መሆን የሚሸጋገርበት ውሳኔ ነው። ይህ ውሳኔ ብዙውን ጊዜ በግልጽ ውይይት ሳይሆን በድጎማ ደንብ ውስጥ ባለ አንድ ቃል አማካይነት ሊወሰን ይችላል። ጥናቱ ያንኑ ደንብ ሳይጥስ ደጃፉን ሰፋ አድርጎ ለማቆየት የሚያስችል መንገድ መኖሩን ያመለክታል።

ቁልፍ ቃላት፦ የካርኔጊ ቤተ መጻሕፍት፣ የሕንፃ አጠቃቀም ለውጥ፣ አረጋውያን፣ ተደራሽነት፣ የሕዝብ ድጎማ

1. መግቢያ

እ.ኤ.አ. ከ1886 እስከ 1919 ባለው ጊዜ ከካርኔጊ በተገኘ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ገንዘብ በዩናይትድ ስቴትስ 1,679 የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃዎች ተሠርተዋል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። አብዛኞቹ የቆሙት በትንንሽ ከተሞች መካከል፣ በእግር በሚደረስበት ቦታ ነው። ከተሞቹ ሲያድጉ፣ የመጻሕፍቱ ብዛት ሲጨምርና የንባብ አገልግሎት ወደ ሰፊ ሕንፃ ሲዛወር አሮጌው ቤት ባዶውን ይቀራል። ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ሙዚየም፣ አንዳንዱ የከተማ ምክር ቤት አዳራሽ፣ አንዳንዱም ምግብ ቤት ሆኗል። ለአረጋውያን ማዕከልነት ማዋልም በተደጋጋሚ ከሚቀርቡት አማራጮች አንዱ ነው።

ይህ አማራጭ በመጀመሪያ እይታ የሚያከራክር አይመስልም። ቦታው መካከለኛ ነው፤ ሕንፃው የታወቀና የተከበረ ነው፤ ተጠቃሚዎቹም ልጅ ሳሉ በዚያው ቤት ያነበቡ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ በከተማ ምክር ቤቶች ፊት የሚቀርበው ጥያቄ በአመዛኙ «ሕንፃው ይመቻል ወይ?» እና «ጥገናው ስንት ይፈጃል?» የሚል ነው። ይህ ጥናት እነዚህን ጥያቄዎች ይቀበላል፤ ነገር ግን ሦስተኛ ጥያቄ ይጨምርባቸዋል፦ ከለውጡ በኋላ በዚህ ደጃፍ ማን ይገባል?

2. ሕንፃዎቹ የተሠሩበት ሐሳብና ቅርጽ

ካርኔጊ ለአንድ ከተማ ገንዘብ የሚሰጠው በውል ነበር። ከተማው ቦታውን ራሱ ያቀርባል፤ ከዚያም ከስጦታው ገንዘብ ዐሥር በመቶ የሚሆን በጀት ለቤተ መጻሕፍቱ ሥራ በየዓመቱ ለመመደብ ቃል ይገባል። አገልግሎቱም ያለ ክፍያ መሰጠት ነበረበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ሕንፃ ከድንጋይና ከጡብ በተጨማሪ አንድ የሕዝብ ቃል ኪዳን ተሸክሞ ነው የቆመው፤ ገንዘቡ የለጋሹ፣ ቦታውና የዓመት ወጪው የከተማው፣ መግቢያው ደግሞ የሁሉም እንዲሆን ነበር የታሰበው።

ይህ ቃል ኪዳን በተግባር ሙሉ አልነበረም። በደቡባዊ ግዛቶች ጥቁር አሜሪካውያን ከብዙዎቹ ሕንፃዎች ይከለከሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1908 በሉዊቪል፣ በ1913 ደግሞ በሂዩስተን በካርኔጊ ገንዘብ ለጥቁሮች ተለይተው የተሠሩ ቤተ መጻሕፍት መከፈታቸው የዚህ ምስክር ነው። ስለዚህ የቀድሞውን ዘመን «ሁሉም የሚገባበት» አድርጎ ማቅረብ ታሪክን ማሳሳት ይሆናል። «ለሁሉም ነጻ» የሚለው መርሕ ዋጋ የሚያገኘው ተፈጽሞ ስላለቀ ሳይሆን ከተማው ሊጠየቅበት የሚችል መመዘኛ ሆኖ በመቆየቱ ነው።

የሕንፃዎቹ ቅርጽ መመሳሰልም ድንገተኛ አልነበረም። የካርኔጊ ጸሐፊ የነበረው ጄምስ በርትራም እ.ኤ.አ. በ1911 ለከተሞች ባሰራጨው አጭር መመሪያ ለትንሽ ቤተ መጻሕፍት የሚስማማው አንድ ዋና ወለልና በሥሩ አንድ ምድር ቤት ያለው አራት ማዕዘን ሕንፃ መሆኑን ገልጿል። ምድር ቤቱ 4 ጫማ ያህል ከመሬት በታች እንዲገባ፣ ከፍታው ከ9 እስከ 10 ጫማ እንዲሆን፣ የዋናው ወለል ጣሪያ ደግሞ ከ12 እስከ 15 ጫማ ከፍ እንዲል መክሯል። የጎንና የጀርባ መስኮቶች ከወለሉ 6 ጫማ ያህል ከፍ ብለው እንዲጀምሩም አሳስቧል፤ ምክንያቱም ከመስኮቶቹ ሥር ያለው ግድግዳ ሳይቋረጥ ለመጻሕፍት መደርደሪያ እንዲውል ነው። ምድር ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ለንግግር አዳራሽ፣ ለማሞቂያና ለመጸዳጃ ያገለግል ነበር።

እነዚህ ጥቂት ቁጥሮች ዛሬ ሕንፃውን ለአረጋውያን ለማዋል የሚያስብ ሰው የሚገጥሙትን ችግሮች አስቀድመው ይናገራሉ። የሚከተሉት ሁለት ክፍሎች ይህንን በዝርዝር ያሳያሉ።

3. የደረጃው ጥያቄ

ምድር ቤቱ ከ9 እስከ 10 ጫማ ከፍታ ኖሮት 4 ጫማው ብቻ ከመሬት በታች ከሆነ፣ ቀሪው 5 ወይም 6 ጫማ ከመሬት በላይ ይወጣል። ስለዚህ ዋናው ወለል፣ የወለሉ ውፍረት እንኳ ሳይጨመር፣ ከመንገዱ ቢያንስ ከ1.5 እስከ 1.8 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። ለብዙዎቹ የካርኔጊ ሕንፃዎች ግርማ የሰጣቸው ሰፊ የፊት ደረጃ የመጣው ከዚህ ነው። ወደ ዕውቀት መውጣትን የሚያመለክት ተደርጎ የተተረጎመው ይህ ደረጃ ጉልበቱ ለታመመ ሰው የመጀመሪያው ክልከላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግና እርሱን ተከትሎ በ2010 የተሻሻለው የተደራሽነት ደረጃ መመዘኛ ለራምፕ ግልጽ ልክ አስቀምጠዋል። ቁልቁለቱ ከ1 ለ12 መብለጥ የለበትም። አንድ ተዳፋት ያለ ማረፊያ ከ76 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍታ መውጣት አይችልም፤ በየመካከሉ የሚገባው ማረፊያም ቢያንስ 1.525 ሜትር ርዝመት ሊኖረው ይገባል። ይህን በ1.83 ሜትር (6 ጫማ) ከፍታ ላይ ብናሰላው ተዳፋቱ ብቻ 22 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከፍታው በሦስት ተዳፋት ስለሚከፈል ሁለት የመካከል ማረፊያዎች ያስፈልጋሉ። ከላይና ከታች ያሉት ማረፊያዎች ሳይቆጠሩ ጠቅላላው 25 ሜትር ይደርሳል። ይህ ርዝመት ከብዙ ትንንሽ የካርኔጊ ሕንፃዎች የፊት ገጽ ሊበልጥ ይችላል። ራምፑ እየታጠፈ ቢሠራም የፊት ገጹን ይሸፍናል፤ በተጨማሪም ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው 25 ሜትር አቀበት በራሱ ድካም ነው።

ስለዚህ በሥነ ሕንፃ ረገድ የሚሻለው መፍትሔ ብዙውን ጊዜ በሕንፃው ጎን ወይም ጀርባ አነስተኛ ተቀጥላ ሠርቶ ሊፍት ማስገባት ነው። ሊፍቱ በሦስት ቦታ መቆም ይኖርበታል፦ በምድር ቤቱ፣ በመንገዱ ልክ በሚገኘው አዲስ መግቢያና በዋናው ወለል። በታሪካዊ ሕንፃዎች እድሳት ረገድ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያወጣቸው ዐሥር መመዘኛዎች ይህን ዐይነት ተቀጥላ አይከለክሉም፤ የሚጠይቁት ነባሩን አካል እንዳያጠፋ፣ ከአሮጌው ጋር እንዲስማማና ነገር ግን አዲስ መሆኑ እንዲለይ ነው። የተደራሽነት ደንቡም ዋናውን መግቢያ መለወጥ የሕንፃውን ታሪካዊ ዋጋ የሚያበላሽ ከሆነ ሌላ መግቢያ እንዲዘጋጅ ይፈቅዳል።

ይህ ፈቃድ ግን የተደበቀ ዋጋ አለው። ጤነኛው በፊት ደረጃ፣ አረጋዊውና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው በጓሮ በር የሚገቡ ከሆነ፣ ሕጉ ቢከበርም ሰውን በአቅሙ የሚለይ ቤት ተሠርቷል ማለት ነው። ይህን ለማስቀረት አንድ ቀላል የአሠራር ውሳኔ ይበቃል፦ አዲሱ የጎን መግቢያ «የአካል ጉዳተኞች መግቢያ» ተብሎ ሳይሆን የሁሉም ዋና መግቢያ ሆኖ ይዘጋጅ፤ የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ፣ ኮት መስቀያውና የማስታወቂያ ሰሌዳው በዚያ በኩል ይሁኑ። የፊት ደረጃው እንደ ታሪክ ቅርስ ይጠበቃል እንጂ የክብር መግቢያ ሆኖ አይቆይም።

4. ወለል፣ መስኮትና የአጠቃቀም ምድብ

ስለ ቀድሞ ቤተ መጻሕፍት ሲነገር «መጽሐፍ የተሸከመ ወለል ሁሉንም ይሸከማል» የሚል ግምት ይሰማል። ይህ ግምት በከፊል ብቻ ትክክል ነው። የዛሬዎቹ የአሜሪካ የግንባታ ደንቦች የመጻሕፍት መደርደሪያ የሚቆምበት ወለል በአንድ ስኩዌር ሜትር 732 ኪሎ ግራም ያህል እንዲሸከም ይጠይቃሉ። ለንባብ ክፍል ግን የሚጠየቀው 293 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ሰዎች በብዛት የሚሰበሰቡበት አዳራሽ፣ የምግብ ክፍልና የአካል እንቅስቃሴ ቦታ ደግሞ 488 ኪሎ ግራም ያህል መሸከም አለባቸው።

የካርኔጊ ሕንፃዎች ከእነዚህ ደንቦች በፊት የተሠሩ ስለሆኑ የእያንዳንዱ ወለል አቅም በምርመራ ሊታወቅ ይገባል። የቁጥሮቹ ንጽጽር ግን አንድ አስፈላጊ ነገር ያሳያል። በርትራም እንደመከረው በትንንሾቹ ሕንፃዎች መደርደሪያዎቹ የቆሙት ግድግዳውን ተከትለው ነው፤ የክፍሉ መሐል ለአንባቢዎች ጠረጴዛ የተተወ ነበር። በአዲሱ ማዕከል የጋራ ማዕድ፣ የጭፈራና የአካል እንቅስቃሴ ትምህርት የሚካሄዱት በዚሁ መሐል ነው። ስለዚህ ከባዱ አዲስ ጭነት የሚያርፈው ለቀላል ጭነት በታሰበው የወለሉ ክፍል ላይ ሊሆን ይችላል። መሐንዲሱ በቅድሚያ መመርመር ያለበት የመደርደሪያዎቹን ሥር ሳይሆን የንባብ ክፍሉን መሐል ነው።

መስኮቱም እንደዚሁ ነው። ከወለሉ 1.8 ሜትር ከፍ ብሎ የሚጀምር መስኮት ለንባብ ጥሩ ብርሃን ይሰጣል፤ ለተቀመጠ ሰው ግን ከሰማይ በቀር የሚያሳየው ነገር የለም። ቤተ መጻሕፍት አንባቢው ዐይኑን ከመጽሐፉ እንዳያነሣ ይፈልግ ነበር፤ የአረጋውያን ማዕከል የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ብዙ ሰዓት ተቀምጦ የሚውል ሰው መንገዱን፣ ዛፉንና አላፊ አግዳሚውን ማየት ይሻል። ነባሮቹን መስኮቶች ወደ ታች ማውረድ የሕንፃውን ገጽ ስለሚለውጥ አይመከርም፤ ይልቁንም በተቀጥላው ክፍል ዝቅ ያለ መስኮት ያለው መቀመጫ ቢዘጋጅ ተገቢ ይሆናል።

የምድር ቤቱ ጉዳይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ወለሉ በቀጥታ መሬት ላይ ያረፈ ከሆነ የጭነት ችግር አይኖርበትም፤ አሮጌው የንግግር አዳራሽም በዚያ ስለነበረ ወጥ ቤትንና የምግብ አዳራሽን ወደዚያ ማውረድ ርካሽ ይመስላል። ሆኖም እርጥበት፣ የብርሃን እጥረትና በእሳት አደጋ ጊዜ ወደ ላይ መውጣት ማስፈለጉ ለአረጋውያን ከማንም ይልቅ ይከብዳሉ።

የአጠቃቀም ምድብም ሊታሰብ ይገባል። በብዙ ግዛቶች በሚሠራበት የግንባታ ደንብ መሠረት ቤተ መጻሕፍትና የማኅበረሰብ አዳራሽ «ኤ-3» በሚባለው አንድ የመሰብሰቢያ ምድብ ውስጥ ይወድቃሉ፤ ስለዚህ ማዕከሉ ሰዎች በራሳቸው ገብተው የሚወጡበት ስፍራ ከሆነ የምድብ ለውጥ ላያስፈልግ ይችላል። በራሳቸው መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የቀን እንክብካቤ የሚሰጥ ከሆነ ግን ሕንፃው ወደ ተቋማት ምድብ ይዛወራል፤ የእሳት መከላከያና የመውጫ መመዘኛዎቹም ይጠብቃሉ። «የአረጋውያን ማዕከል» የሚለው አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ሕንፃዎችን ሊያመለክት እንደሚችል ዕቅድ አውጪዎች ከመነሻው መረዳት ይኖርባቸዋል።

5. ድጎማው ደጃፉን እንዴት ያጠብባል?

እስከዚህ የተነሡት ችግሮች በገንዘብና በሙያ የሚፈቱ ናቸው። ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ግን ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። ለታሪካዊ ሕንፃዎች እድሳት የሚሰጠው የ20 በመቶ የፌዴራል ግብር ቅናሽ ገቢ ለሚያስገኙ ሕንፃዎች ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ፣ ከተማው ራሱ ይዞ በነጻ የሚያገለግልበት ማዕከል በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ ከተሞች በአመዛኙ ወደ ሁለት ሌሎች ምንጮች ይመለከታሉ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1965 የጸደቀው የአረጋውያን አሜሪካውያን ሕግ ነው። ከሕጉ አስቀድሞም በ1943 በኒው ዮርክ ከተማ ብሮንክስ የተከፈተው የዊልያም ሆድሰን ማዕከል በአገሪቱ የመጀመሪያው የአረጋውያን ማዕከል ተደርጎ ይጠቀሳል። ሕጉ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የጋራ ማዕድን፣ ቤት ድረስ የሚደርስ ምግብን፣ መጓጓዣንና የምክር አገልግሎትን ይደግፋል። በገቢ መጠን ሰውን መለየት አይፈቀድም፤ ተመጋቢው የሚሰጠው ገንዘብ ቢኖር በፈቃዱ ብቻ ነው። የተመጋቢው የትዳር አጋርም ዕድሜው ምንም ያህል ቢሆን በማዕዱ ሊካፈል ይችላል። በዚህ ረገድ ሕጉ ከቤተ መጻሕፍት መንፈስ የራቀ አይደለም፤ ማንም ድህነቱን ሳያስረዳ ይገባል። ከዚህም በላይ ሕጉ ልዩ ልዩ አገልግሎቶች በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲሰባሰቡ ያበረታታል።

ሁለተኛው ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው የማኅበረሰብ ልማት የጥቅል ድጎማ ነው። ለሕንፃ እድሳት የሚውለው ገንዘብ በብዛት ሊገኝ የሚችለው ከዚህ ነው። ከተማው ከድጎማው ለመጠቀም ሥራው በዋናነት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎች እንደሚጠቅም ማሳየት አለበት። ለሁሉም ክፍት የሆነ ቤተ መጻሕፍት ይህን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ በአካባቢው ነዋሪዎች ገቢ ነው፤ በመርሑ መሠረት ከነዋሪዎቹ ቢያንስ 51 በመቶው በዚያ የገቢ መጠን ውስጥ መሆን አለባቸው። በደንቡ ውስጥ ግን አቋራጭ መንገድ አለ። ሥራው የሚያገለግለው አረጋውያንን ብቻ ከሆነ፣ ተጠቃሚዎቹ ዝቅተኛ ገቢ እንዳላቸው ያለ ተጨማሪ ማስረጃ ይገመታል።

እዚህ ላይ ነው «ብቻ» የሚለው ቃል ክብደት የሚያገኘው። ገቢው መካከለኛ በሆነ ከተማ መሐል የቆመ አሮጌ ቤተ መጻሕፍት ለሁሉም ክፍት ሆኖ ቢታደስ የ51 በመቶውን መመዘኛ ላያሟላ ይችላል፤ የአረጋውያን ብቻ ሲሆን ግን ያሟላል። ስለዚህ ደጃፉ የሚጠበው አረጋውያኑ ሌላውን ሰው ስለማይፈልጉ ሳይሆን የማመልከቻው ቅጽ ስለሚፈልገው ሊሆን ይችላል። ከዚያም በኋላ የሕንፃውን አጠቃቀም ለመለወጥ ለነዋሪዎች ማሳወቅና አስተያየታቸውን መቀበል ግዴታ ስለሚሆን፣ አንድ ጊዜ የተወሰነው በቀላሉ አይመለስም።

በዚህ ላይ ሊቀርብ የሚገባው መከራከሪያ አለ። አረጋውያን የራሳቸው ስፍራ ያስፈልጋቸዋል፤ ጫጫታ የሌለበት፣ ምግቡ በሰዓቱ የሚቀርብበት፣ እኩዮቻቸውን የሚያገኙበት ቤት መሻታቸው ቅንጦት አይደለም። ሌላው ሕዝብም አዲስና ሰፊ ቤተ መጻሕፍት ካገኘ አሮጌው ለአረጋውያን መለየቱ ፍትሐዊ ሊባል ይችላል። ይህ መከራከሪያ የሚጸናው ግን አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ከአሮጌው ቦታ በእግር የሚደረስ ከሆነ ነው። አዲሱ የተሠራው ያለ መኪና በማይደረስበት የከተማው ዳር ከሆነ፣ በከተማው መሐል የሚኖር መኪና የሌለው ወጣት፣ ሥራ ፈላጊና ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን የነበራቸውን ስፍራ ያጣሉ።

የድጎማው ደንብ ራሱ መካከለኛ መንገድ ይዟል። ያለ ተጨማሪ ማስረጃ ዝቅተኛ ገቢ እንዳላቸው የሚገመቱት አረጋውያን ብቻ አይደሉም፤ ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው አዋቂዎች፣ መኖሪያ የሌላቸው ሰዎችና ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አዋቂዎችም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ደንቡ ከእነዚህ ክፍሎች አንዱን ወይም የተወሰኑትን አጣምሮ ማገልገልን ይፈቅዳል። ስለዚህ ጠዋት የአረጋውያን ማዕድና የጤና አገልግሎት፣ ከሰዓት በኋላ የአዋቂዎች የንባብ ትምህርት የሚሰጥበት ቤት የሕግ ግምቱን ሳያጣ ከአንድ በላይ ለሆኑ የኅብረተሰብ ክፍሎች ክፍት ሊሆን ይችላል። የጎልማሶች ትምህርትም ከቀድሞው የቤቱ ዓላማ ጋር ይዛመዳል።

6. ተነጻጻሪ ምሳሌ፦ የቫንኩቨር ካርኔጊ ማዕከል

የአሜሪካ ደንቦች በማይሠሩባት በካናዳ የሚገኝ አንድ ሕንፃ ሌላ ዐይነት ውሳኔ ሊኖር እንደሚችል ያሳያል። በቫንኩቨር ከተማ በሜይንና ሄስቲንግስ መንገዶች መገናኛ የቆመው ቤተ መጻሕፍት በካርኔጊ የ50,000 ዶላር ስጦታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1903 ተከፈተ። ቤተ መጻሕፍቱ በ1957 ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር ሙዚየሙ በቤቱ ቀረ፤ እርሱም በ1968 ሲወጣ ሕንፃው ባዶ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው የዳውንታውን ኢስትሳይድ ነዋሪዎች ማኅበር ቤቱ ለአካባቢው ድሆች እንዲሰጥ ባደረገው ትግል፣ በጥር 1980 የማኅበረሰብ ማዕከል ሆኖ ዳግም ተከፈተ።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ነገሮች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ ማዕከሉ ሲከፈት የንባብ ክፍል አልተወገደም፤ የከተማው ቤተ መጻሕፍት በዚያው ቤት ውስጥ አገልግሎት ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ለአረጋውያን የተለየ ክፍል አለ፤ ቤቱ ግን የአረጋውያን ብቻ አይደለም። ዋጋው አነስተኛ የሆነ ምግብ የሚያቀርበው ወጥ ቤትም ሁሉንም ያገለግላል። በሌላ አነጋገር ለአረጋውያን ቤት ከመለየት ይልቅ በሁሉም ቤት ውስጥ ለአረጋውያን ክፍል ተለይቷል። የአካባቢው ድህነት ከብዙ ትንንሽ ከተሞች የተለየ ስለሆነ ምሳሌው በቀጥታ ሊቀዳ አይችልም፤ ሆኖም «ወይ ቤተ መጻሕፍት ወይ የአረጋውያን ማዕከል» የሚለው ምርጫ የግድ እንዳልሆነ ያረጋግጣል።

7. ቋንቋ እንደ ሁለተኛ ደረጃ

ደጃፍ በድንጋይ ብቻ አይሠራም። የአረጋውያን አሜሪካውያን ሕግ አገልግሎት ሰጪዎች የእንግሊዝኛ ችሎታቸው ውስን ለሆነ አረጋውያን ትኩረት እንዲሰጡ ያዛል። ይህ ድንጋጌ አማርኛ ተናጋሪዎችንም ይመለከታል። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ አነስተኛው ቁጥር፣ የሚናገረው ቋንቋ ከሆነ አስፈላጊ ሰነዶች እንዲተረጎሙ ያስገድዳል፤ በዚህ መሠረት ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

ልጆቻቸውን ተከትለው በእርጅና ዘመናቸው ወደ አሜሪካ ለሄዱ እናቶችና አባቶች የማዕከሉ የመመዝገቢያ ቅጽ ከፊት ደረጃው ያላነሰ አቀበት ሊሆን ይችላል። በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ለማገላበጥ ቅጽ መሙላት አያስፈልግም ነበር፤ በማዕከል ግን ዕድሜ፣ አድራሻና የጤና ሁኔታ ይጠየቃል። ስለዚህ ለሊፍቱ በጀት ሲያዝ ለአስተርጓሚና ለተተረጎመ ቅጽም አብሮ ሊያዝ ይገባል፤ ሁለቱም የአንድ መግቢያ ክፍሎች ናቸው።

8. መደምደሚያ

የቀድሞ ቤተ መጻሕፍትን ለአረጋውያን ማዋል ተገቢ አሳብ ሊሆን ይችላል። ቦታው ለእነርሱ ቅርብ ነው፤ ሕንፃውም ባዶውን ቆሞ ከሚፈርስ ሰው ቢገባበት ይሻላል። ነገር ግን ከላይ የቀረበው ትንታኔ እንደሚያሳየው የለውጡ ስኬት የሚለካው በጥገናው ጥራት ብቻ አይደለም። ተመሳሳይ ዕቅዶችን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ቢያንስ አምስት ጉዳዮችን ቢመረምሩ ይጠቅማቸዋል፦

ሀ) ሁሉም ሰው በአንድ መግቢያ ይገባል ወይስ አቅም የሌለው በጓሮ ይዞራል?
ለ) የንባብ ክፍሉ መሐል ወለል ለመሰብሰቢያ የሚጠየቀውን ጭነት እንደሚሸከም ተመርምሯል?
ሐ) ማዕከሉ የመሰብሰቢያ ቤት ነው ወይስ የእንክብካቤ ተቋም? ይህስ ከዲዛይኑ በፊት ተወስኗል?
መ) ተጠቃሚዎቹን የወሰነው የነዋሪዎች ውይይት ነው ወይስ የድጎማው ቅጽ? አጣምሮ የማገልገል አማራጭስ ታይቷል?
ሠ) በአሮጌው ቤት ይጠቀም የነበረውና ዕድሜው ያልደረሰ ሰው ከዚህ በኋላ በእግሩ ሄዶ የት ይገባል?

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥያቄዎች የመሐንዲሱና የአርክቴክቱ ናቸው፤ መልሳቸውም በሥዕልና በስሌት ይገኛል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን የከተማው ሕዝብ ናቸው። ከመቶ ዓመት በፊት ያ ሕዝብ ቦታ ሰጥቶ፣ በየዓመቱ ወጪውን ለመሸፈን ቃል ገብቶ ቤቱን ተቀብሏል። ቤቱ ሥራውን ሲቀይርም ቃሉን የማደስም ሆነ የመለወጥ መብቱ የእርሱ ነው፤ ይህ እንዲሆን ግን አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል።